የቅዳሜ ጠዋቷ ቮልስ

በቀደም ዕለት መኪናዬን ላቫጆ አስገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዱ አጣቢ በናፍታ የራሰ ጨርቅ ከአጠገቤ የቆመውን መኪና ሞተር መጥረግ ጀመረ። ሽታው ወደ እኔ መጣ። ናፍታ፣ የጋለ ዘይትና የዱቄት ሳሙና አንድ ላይ። ዓይኔን ስጨፍን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ዲላ፣ ግቢያችን ውስጥ። ያ የድሮው ቅናትም አብሮ መጣ።

ልንገርሽ። አባቴ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ በሥራ ዝውውር ከሰሜን መጥቶ ዲላ የቀረ ሰው። ወደ ቅቤ ቀለም የምታደላ አሮጌ ቮልስ ነበረችው። ሲጠራት "እሷ" ነው የሚላት፤ "እሷ ዛሬ ደክሟታል"፣ "እሷ ዝናብ አትወድም"። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ከአቮካዶው ዛፍ ጀርባ ሳትወጣ ይቀሰቅሰኛል። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ የቁልፍ ሣጥኑን ይዞ፣ በሹክሹክታ "ተነሺ፣ ሞተሯ እንደቀዘቀዘ እንድረስባት" ይለኛል። በጤዛ እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግሬ እከተለዋለሁ።

ያስተማረኝን ሁሉ አልረሳሁም። ዘይት የሚለካው መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ታግሶ ነው። ስትታጠብ ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ታች ነው የሚኬደው፤ ያ የአገራችን ቀይ ጭቃ በውሃ ሳይርስ ከታሸ ቀለም ይቧጭራል። ፀሐይ ላይ ከታጠበች ሳሙናው ይደርቅባታል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም፤ ስለዚህ እኔ ላስታውሰው። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈትቶ መዳፌ ላይ ያስቀምጥልኝና "ጫፉን እዪ፣ ምን ይላል?" ይለኛል። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ናት። ሐኪም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የሞተው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ሕመሙ ብዙም አላቆየውም። ቮልሷ ክረምቱን ሙሉ አቮካዶው ሥር ቆመች፤ ቅጠል ለበሰች፣ የጎረቤት ዶሮ ሥሯ ገብታ ትፈለፍል ጀመር። እኔ አልነካኋትም። ማንም ይነካታል ብዬም አላሰብኩም። ትምህርት ቤት የምታስተምረው እናቴ ግን ለእኔ ምንም ሳትነግረኝ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ትማር ነበር ለካ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከእንቅልፌ ስነቃ ግቢው ውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

"ቲቸር፣ ይሄ መኪና እሱ ባትሪ ሞቶበታል እንጂ ሌላ ጤነኛ ነው።"

በመስኮት አየሁ። የግብርና ቢሮ የቡና ባለሙያ ነበር፤ ከይርጋጨፌ ወዲያ ያለችው የወርቃ ሰው፣ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ከአፉ ቃል በቀስታ የሚያወጣ ጌዴኦ። በተማሪዎች የችግኝ ጣቢያ ሥራ ምክንያት ከእናቴ ጋር እንደተዋወቁ ሰምቻለሁ። ኮፈኑ ተከፍቶ ሁለቱም ወደ ውስጥ አጎንብሰዋል። መጀመሪያ ያበሸቀኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? "እሱ" ማለቱ። የአባቴን "እሷ" በአንድ ጠዋት "እሱ" አደረጋት።

ከዚያ የባሰው መጣ። እናቴ ወደ ቤት ገባች፣ ቁም ሣጥን ከፈተች፣ የአባቴን ሰማያዊ ቱታ ይዛ ወጣች። "ሸሚዝህ ይበላሻል፣ ይሄን ልበሰው" አለችው። እጅጌው አጠረው። የእጁ አንጓ ከአባቴ ቱታ ውስጥ ወጥቶ ሳየው ቁርሴን መብላት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጣ። እኔ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ አንድም መስመር አላነብም። ጆሮዬ እዚያው ነው። ሰውዬው ስለ መኪና ብዙም አያውቅም ነበር። ቁልፍ ይመርጣል፣ አይገጥምም፣ ይመልሳል። ካቻቢቴውን አባቴ ከሚያስቀምጥበት በግራ በኩል ሳይሆን በቀኝ ያስቀምጠዋል። እናቴም አታውቅም። ሁለቱ አንዲት ብሎን ለመፍታት ግማሽ ጠዋት ይፈጃሉ። እኔ ከንፈሬን እየነከስኩ እመለከታለሁ። ብቻ አንድ ነገር መካድ አልችልም፤ እናቴ ከአባቴ ሞት በኋላ ድምፅዋ ከፍ ብሎ የተሰማው እዚያ ኮፈን ሥር ነበር።

አንድ ቀን አራቱንም ካንዴላ ፈትተው አጸዱ። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉ፣ በጨርቅ ጠረጉ፣ መልሰው አሠሩ። የሚሰኩባቸውን ገመዶች ግን አቀያየሯቸው። እናቴ ገብታ ስታስነሳት መኪናዋ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከጭስ ማውጫዋ እንደ ርችት "ጧ!" አደረገች። ዶሮዎቹ በአጥር ዘለሉ። እናቴ ከመኪናው ወጥታ፣ ሆዷን ይዛ፣ እየሳቀች ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። እሱም ሳቀ። ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ነበር።

መጽሐፌን ወረወርኩና ወረድኩ።

"ሁለተኛውና አራተኛው ተቀያይረዋል!" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። ሁለቱን ገመዶች ነቅዬ ቦታ ቦታቸው መለስኩ። "አሁን አስነሺያት።" ቮልሷ አንዴ አጉረምርማ እንደ ድሮዋ ተንኳኳች።

"እንዴት አወቅሽ?" አለኝ ሰውዬው።

"አባቴ ነው ያስተማረኝ።" አባቴ የሚለውን ቃል እንደ ድንጋይ ነበር የወረወርኩበት።

እሱ ግን አልተቀየመም። ካቻቢቴውን በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋልኝ። "እንግዲያው አስተምሪን። እኔ ከቡና ሌላ የማውቅ የለም" አለ።

ካቻቢቴውን አየሁት። እናቴንም አየኋት፤ ዓይኗ ይለምነኝ ነበር። ገመዱን ካስተካከልኩ በኋላ የሚገባኝ ድል ይመስለኝ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ግብዣ ነው። ካቻቢቴውን ሳልቀበለው ወደ ቤት ገባሁ። ጣቴ ላይ የቀረውን ዘይት ሳልታጠብ ዋልኩ።

የቡናው ለቀማ ሲጋመስ እናቴ "እሑድ ወርቃ እንሄዳለን፤ እናቱ ጋብዘውናል" አለችኝ። እናቱ ጋብዘውናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንዳይገባኝ ልጅ አልነበርኩም። 

እሑድ ጠዋት እናቴ ነዳች። የፊቱ ወንበር ላይ እሱ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ የእናቴን ማጅራት እያየሁ ነበር። ወናጎን አለፍን፣ ይርጋጨፌን አለፍን። ከመንገዱ በሁለቱም በኩል ቡና በቆጥ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ከማጠቢያ ጣቢያዎቹ የሚመጣው የመፈልፈያ ሽታ፣ ጎምዘዝ ብሎ ጣፈጥ የሚለው፣ በመስኮት ይገባል። እሱ ለእናቴ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ ያሳያታል። እናቴ "እንዴ! ይሄ ሁሉ?" ትላለች። ዲላ ተወልጄ ያደግኩት እኔ ስሆን፣ አባቴ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ይዞኝ ሲሄድ፣ እናቴ መንገዱን እንደ አዲስ ማየቷ አናደደኝ።

ዳገቱን ስንይዝ ከኋላዬ፣ ከሞተሩ በኩል፣ "ጠሽ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የመኪናዋ ድምፅ ሳሳ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ።

"ይሄ ቀይ ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

"ቲቸር፣ ይርጋጨፌ ጋራዥ አለ፤ ቀስ ብለን እንመለስ" አለ እሱ።

"አጥፊያት!" ብዬ ጮህኩ። "እማዬ፣ አሁኑኑ ዳር ያዢና አጥፊያት! ቺንጋው ተበጥሷል፤ ማራገቢያዋን አዙሮ የሚያቀዘቅዛት እሱ ነው፤ ከነዳሻት ሞተሩ ይቃጠላል!"

አጠፋች።  ከየአቅጣጫው ወፍና የሩቅ ሰው ድምፅ ብቻ። ከኋላ ስንከፍተው እውነትም ቺንጋው ተበጣጥሶ እንደ ሞተ እባብ ተንጠልጥሏል። ሰውዬው ለጎማዎቹ ድንጋይ አስደገፈና፣ ከታች የሚመጡ መኪኖች እንዳይመቱን ቅጠል ቆርጦ መንገዱ ላይ ሊጥል ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። እናቴና እኔ ብቻችንን ቀረን።

አባቴ መለዋወጫ ቺንጋ ከፊት፣ ከትርፍ ጎማው ጎን፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር፤ እዚያው አገኘሁት። ትልቁም ቁልፍ አለ። ተንበረከክሁና ጀመርኩ። ጋዜጣውን ስፈታው የአባቴን አጠቃቀል አወቅኩት።

እናቴ አጠገቤ ተንበረከከች። "አሳዪኝ" አለች።

"ተዪው እማዬ፣ ትቆሽሻለሽ።"

 እናቴ ቀስ ብላ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሞተሩ እያየች፣ "አባትሽም እንደዚሁ ነበር የሚለኝ" አለች።

ቁልፉን እንደያዝኩ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺንና እሱን በመስኮት አያችሁ ነበር። ሻይ ይዤ ስወጣ ወሬያችሁን ታቆማላችሁ። 'እዚያ አስቀምጪው፣ ትቆሽሻለሽ' ይለኛል፣ ቀናም አይልም። ስንት ዓመት! አንድም ቀን ቁልፍ አላስያዘኝም። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አልመጣለትም። ልጄ ሆይ፣ እቀናብሽ ነበር። በገዛ ልጄ ቀናሁ፤ ይኸው ነገርኩሽ።"

አባቴን እንደዚያ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያ ሹክሹክታ፣ ያ "ተነሺ" የሚለው ድምፅ፣ ለእኔ ፍቅር ነበር፤ እናቴ እንዳትሰማ መሆኑ ግን አንድም ቀን አልታየኝም።

"ይሄ ሰው" አለች ወደ ቁልቁለቱ በአገጯ እያመለከተች፣ "የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ቁልፉን ለእኔ ነው የሰጠኝ። እሱ አያውቅም፣ እኔ አላውቅም። ደስ ያለኝ ይኸው ነው፤ ሌላ አይምሰልሽ።"

 ትልቁን ቁልፍ አስያዝኳት። ካቻቢቴውን መዘውሩ እንዳይዞር ሰካሁና "በይ፣ ወደ አንቺ ሳቢው" አልኳት። ሳበችው። አልላላም። ጥርሷን ነክሳ፣ በሁለት እጇ፣ ከወገቧ ሳበችውና ተላቀቀ። እየሳቀች ወደ ኋላ ወደቀች። ቺንጋውን አብረን አስገባን፣ አጠበቅን። አውራ ጣቷን ያዝኩና ቺንጋው መሐል ላይ አስጫንኳት።

"ትንሽ ብቻ ይግባ። ብዙ ከገባ ላልቷል፣ ይንሸራተታል። ጭራሽ ካልገባ መዘውሩ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላዋል። ተሰማሽ?"

"ተሰማኝ" አለች። አውራ ጣቷን ግን አላነሳችም፤ ደጋግማ ትጫነው ነበር። ጥፍሮቿ ጥቁር ሆነው ነበር፤ የአስተማሪ ጥፍሮች፣ ሁልጊዜ ጠመኔ ብቻ የሚያርፍባቸው።

ሰውዬው ቅጠሉን መንገዱ ላይ ጥሎ ተመለሰ። ጥቁር እጆቻችንን አየ፤ እንባ ያራሰውን ፊታችንንም አየ። ለምን እንዳለቀስን አልጠየቀም። "ዳነ?" ብቻ አለ።

"ዳነች" አለች እናቴ።

ቅናቴ እዚያ ዳገት ላይ ቀረ ብልሽ እውነት አይሆንም። ወርቃ ደርሰን እናቱ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው በጌዴኦፋ ሲመርቁኝ፣ እሱ ለእናቴ በጆሮዋ ሲተረጉምላት፣ ቅናቱ እንደገና ተመለሰብኝ። በፋሲካ ማግሥት፣ ያለ ድግስ፣ ተጋቡ። "ጋሼ" ልለው ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አሁንስ? አሁን ጋሼ ነው። ሲያመው ሐኪም ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ቮልሷ ግን ዛሬ የለችም፤ ቦዲዋ ዝጎ አለቀና ሸጧት።

በተጋቡበት ዓመት መገባደጃ ሐዋሳ ለትምህርት ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት እደውል ነበር። እናቴ ስልኩን የምታነሳው እየተቻኮለች ነው፤ ከኋላዋ የባልዲ ውሃ ሲደፋ፣ እሱ አንድ ነገር ሲጠይቃት እሰማለሁ። አንድ ቅዳሜ "ዘይቱን ራሳችን ቀየርን!" አለችኝ፣ እንደ ልጅ።

"ማጣሪያውን አጠባችሁት?"

"አጠብነው።"

"የታችኛውን ብሎን አጥብቃችሁ አሠራችሁት? ያንጠባጥባል።"

"ከሥሯ ወረቀት ዘርግተን አሳደርናት፣ ጠብታም የለ።"

"ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጊው" አልኳት።

አስጠጋችው። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። መሳሳት፣ ማንኳኳት፣ ትንሽ ሳል፣ የሆነ ነገር ፈለግኩ። ከዚህ ሆኜ የማስተካክለው፣ "እንደዚህ አድርጉ" የምለው አንድ ነገር። አልነበረም። ሞተሩ በእኩል፣ በእርጋታ ይሠራ ነበር።

"እንዴት ነው?" አለች እናቴ ስልኩን መልሳ።

"ጥሩ ነው እማዬ" አልኳት።

ከኋላዋ ባሏ ጠራት። "መጣሁ!" አለችና፣ ለእኔ "በይ ቁርስሽን ብዪ" ብላ ዘጋችው። እኔ ግን ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ቶሎ አላወረድኩትም።