በማሽን የተፈጨው ክትፎዬ

ወጣት ሳለሁ በባሌ እንኳ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ኦስሎ መጥቼ፣ ግማሹ ጥርሴ ከረገፈ በኋላ፣ በአንድ ሳህን ክትፎ ቀናሁ። የእኛ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በገባ በዓመቱ ነው።

የቀናሁባት የአማቼ እናት ናት፤ የሴት ልጄን ባል የወለደችው። እሷ ፕሪንስዳል የሚባል ሰፈር ከሌላው ልጇ ጋር ትኖራለች፣ እኔ ደግሞ ከልጄ ጋር ነኝ። ስንገናኝ «እርስዎ፣ እርስዎ» እንባባላለን፤ በሆዴ ግን አንቺ ነው የምላት። ከእኔ ኋላ መጥታ ቋንቋውን ከእኔ በፊት ለመደችው። እሱንም ችዬው ነበር። ሰባት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃችን ግን አንድ ቀን ገበታ ላይ፣

«እማማ፣ የፕሪንስዳሏ እማማ ክትፎ ይሻላል። ያንቺ ጥርሴ ውስጥ ይገባል» አለችኝ።

እኔ ክትፎ የምሠራው ሙሉ ሥጋ ገዝቼ፣ ጅማቱን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ በቢላዋ ከትፌ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ ማታ ትከሻዬን ያመኛል። እሷ ደግሞ እዚህ አገር ሾትዳይ የሚሉትን፣ በማሽን ተፈጭቶ በፕላስቲክ የታሸገውን ሥጋ ትገዛና ቅቤና ሚጥሚጣ ታደርግበታለች፤ አለቀ። ለልጄ «የሰነፍ ክትፎ» እያልኩ ስንቴ አምቻታለሁ። አንድ ጊዜማ ፊት ለፊት፣

«እርስዎ ምን ደከሙ፣ የደከመው ማሽኑ» አልኳት።

«እጄን ያመኛል፣ ምን ላድርግ እትዬ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ራሱ አስቀናኝ።

የልጅቷ ስምንተኛ ዓመት ልደት ቅዳሜ ዋለ። እኔ እግሬ አያርፍም፤ ልጄ ሥራ ስትሄድ ወጥቼ እዞራለሁ፣ አንዳንዴ አውቶቡሱ መጨረሻ ድረስ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ዓርብ ዕለት እንዲሁ ስዞር ብሪን የሚባል ሰፈር ደረስኩ። አንድ ሱቅ ገባሁና የሚያውቀኝ እንደሌለ ግራ ቀኝ አይቼ ሾትዳይ ገዛሁ። በነጠላዬ ሸፍኜ ቤት አስገባሁት። ፕላስቲኩን የጎረቤት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ልጄ ከሳሎን እንድትሰማኝ ደግሞ ባዶውን መክተፊያ በቢላዋ ስቀጠቅጥ አመሸሁ። ጾም ስለነበረ እኔ አልቀመስኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ በፒጃማዋ ማድ ቤት መጣች። ከክትፎው በማንኪያ አጎረስኳት።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው! ጥርሴ ውስጥ አይገባም።»

«ከፕሪንስዳሏስ?»

አሰብ አደረገች። «እኩል ናችሁ።»

«እኩል?» ሌላ ማንኪያ አጎረስኳት። «አሁንስ?»

«ያንቺ፣ ያንቺ!» አለች እየሳቀች።

ደስታው ቤት አላስቀምጥ አለኝ። ሻማ ልግዛ ብዬ ወጣሁና እዚያው ብሪን ሱቅ ተመለስኩ። የሥጋው ማቀዝቀዣ ባዶውን ነው። መስተዋቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የአማርኛውን ፊደል ከወንድሜ ደብተር እያየሁ ለቀምኩት እንጂ ትምህርት ቤት የላከኝ የለም፤ የእነሱን ጽሑፍማ ከየት አባቴ። ሥዕሉ ግን የገዛሁት እሽግ ነው። ሻጯን ጠርቼ ወደ ወረቀቱ ጠቆምኩ።

«ኢከ ብራ?» አልኳት፤ ጥሩ አይደለም ወይ ማለቴ ነው።

«ኢከ ብራ» አለችኝና ሆዷን ያዘች። «ባክቴሪየር።» ከዚያ እንዳልበላው በእጇ ወደ ቆሻሻ የመጣል ምልክት አሳየችኝ።

ሻማውን ትቼ ወጣሁ። መንገዱ አልገፋ አለኝ። ክትፎውን ወደቀብኝ ብዬ ብደፋው ማንም አያውቅም ነበር። የልጅቷ ሆድ ውስጥ ያለውን ሁለት ማንኪያስ?

ስደርስ እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ የአማቼ እናትም አለች፣ ነጭ ለብሳ። ልጄ ክትፎውን መሐል አድርጋ፣ «የእማዬን እጅ ቅመሱ» እያለች ነው።

«አትንኩት!» አልኩ። «ሾትዳይ ነው። ባክቴሪያ አለበት፣ ጣሉት ብለዋል። ጠዋት ልጅቷን አጉርሻታለሁ።»

«እማዬ፣ ስትከትፊ ሰምቼሻለሁ እኮ!»

«ባዶውን ነው።»

ማንም አልሳቀም። ልጄ የድንገተኛ ሐኪሞቹ ጋ ደወለች። «ልጅቷን ለብዙ ቀን ተከታተሏት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዛት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት፣ የሕፃን ኩላሊት ይጎዳል» አሏት።

እኔ የአማቼን እናት ምላስ ነበር የምጠብቀው። እሷ ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ ጥሬውን ነው ያጎረሷት?» አለችኝ።

«ጥሬውን። እርስዎስ ጥሬውን አይደል የሚሰጧት?»

«ኧረ በስመ አብ! ለእሷ እስኪጠቁር ነው የማበስለው። ሲፈጭ የውጩ ቆሻሻ ከውስጡ ይደባለቃል፣ ለልጅ ጥሬውን እንዳትሰጪ ብላኛለች የጤና ጣቢያ ነርስ። ክትፎ ነው ስላት ክትፎ ነው፣ ልጅ መች ይለያል?»

ዓመት ሙሉ በተጠበሰ ሥጋ ስቀና ኖሬያለሁ።

ቤቷም አልሄደችም። ፍራሽ አስነጥፋ ልጅቷ አጠገብ ተኛች፤ እኔም በዚያኛው ጎን። ልጅቷ ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን።

«ኔይ፣ አይሆንም! ሁለታችሁም አትምጡ!» ትላለች በሩን እየዘጋች።

በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን። እሷ በኖርዌጅኛ የሆነ ነገር ትላታለች፣ ልጅቷ ከውስጥ ትስቃለች፣ እኔ አይገባኝም። ልጅቷን ክፉ እንዳያገኛት ስለት ስሳል እንኳ በሙሉ ልቤ አልነበረም፤ ግማሹ ልቤ «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው» ይል ነበር።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት አለፈ፤ ምንም አልነካትም። ሐኪሟም አይታ ትምህርቷን ትቀጥል አለች። በማግሥቱ ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ፣

«ዛሬ የፕሪንስዳሏ እማማ ታድርሰኝ» አለች።

መስኮቱ ጋ ቆሜ በረዶው ላይ ሲሄዱ አየኋቸው። ልጅቷ ትዘላለች። ተመስገን አልኩ፣ ዕንባዬ ወረደ። ወዲያው ደግሞ እጅ ለእጅ አያያዛቸውን አየሁና እንደገና ቀናሁ።