የጋሽ በየነ ባንድ በጅጅጋ

ከሐረር ጠዋት በሚኒባስ ተነሳሁ፤ ጅጅጋ ድረስ ሃያ አምስት ብር። መቅጃዬን ይዤ የምሄደው ለሬዲዮ ፕሮግራም ጋሽ በየነን ላነጋግር ነው። በዚያ አገር ለጭፈራ የሚሆነውን ፈጣን ብሉዝ በሳክስፎን መጀመሪያ የተጫወቱት እሳቸው መሆናቸውን ሰምቼ ነበር።

ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛሁ። ከዚያ ዳካታ ሸለቆ ገባን። ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ዞሮ የሚያይ ሰው ይመስላል። አጠገቤ የነበሩ ነጋዴ መስኮቱን እንድዘጋ ነገሩኝ። ለምን ስላቸው፣ እዚህ ነፋሱ ድምፅ አለው አሉኝ።

ጅጅጋ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ባጃጁ ከከብት ገበያው ጀርባ አወረደኝ። የጋሽ በየነ ባለቤት ወይዘሮ ሀዋ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ሰጡኝና ታሪኩን አጫወቱኝ። ባለቤታቸው የወታደር ልጅ ናቸው፤ ሳክስፎን የተማሩት በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ነው። ከጅቡቲ በባቡር የመጣ የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ሸክላ ሰምተው የሰልፍ ማርሹን ተዉና አራት ሰው ሰብስበው ባንድ አቋቋሙ። ከጅጅጋ እስከ አዲጋላ ያለ እነሱ ሰርግ አይደምቅም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ባንዱ በጭነት መኪና ሲሸሽ፣ እሳቸው የረሱትን ሳክስፎን ሊያመጡ ተመለሱ። መኪናው ሳይጠብቃቸው ሄደና ፈንጂ ላይ ወጣ። አራቱም አለቁ። ጋሽ በየነ ከዚያ ወዲህ ነፍተው አያውቁም።

ወይዘሮ ሀዋ ይህን ነግረውኝ ተነሱና ግቢው ውስጥ አራት ወንበር ደረደሩ። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት እንዲህ ነው አሉኝ። ጋሽ በየነ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ ረጅም፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ። ሰላምታዬን ተቀብለው የዳሩን ወንበር ጠቆሙኝ።

"ትራምፔት ነፊው ዘግይቷል። አንተ ተቀመጥለት።"

መቅጃውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። እስከ አራት ቆጠሩና በባዶ እጃቸው ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር። በእግራቸው ከሚመቱት በቀር ምንም አይሰማም። እኔም ሳላስበው በእግሬ እየመታሁ ነበር። አጠገቤ ያለው ባዶ ወንበር ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ ጥግ አየሁ፤ ዞሬ ላየው አልደፈርኩም። በመጨረሻ እጃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዛሬ አብራችሁ ጨረሳችሁ" አሉ፣ ወደ ወንበሮቹ እያዩ።

ወይዘሮ ሀዋ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ሲሸኙኝ፣ እስከ ዛሬ ጋሽ በየነ ዜማውን ሁልጊዜ መሀል ላይ ያቋርጡት እንደነበር ነገሩኝ።

አዲስ አበባ

ቤት እንደገባሁ ካሴቱን ለእህቴ አሰማኋት። በእግራችን የመታነው ጋሽ በየነና እኔ ብቻ እንደነበርን ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ከመጀመሪያው ደገመችውና የሚመቱትን እግሮች በጣቷ ስትቆጥር አምስተኛው ሰው ላይ ቆመች። በሬዲዮ አላቀረብኩትም። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ሙዚቀኛ ሳነጋግር መቼ እንደጀመረ ከመጠየቄ በፊት፣ አብሮት ማን እንደነበረ እጠይቃለሁ።