ዓንዶም ያልፈተሸው ጭነት

ዓንዶም ኦክላንድ ወደቡ አጠገብ ባለ የኖራ መጋዘን አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ስድስቱን በጫኝነት፣ አምስቱን ደግሞ የሠራተኞችና የጭነት ኃላፊ ሆኖ። ድርጅቱ ከካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው ይባላል። ያኔ ኖራው የሚጓዘው በሸራ መርከብ ነበር፤ ውሃ የገባበት ዕለት መርከቡ ከነጭነቱ ይነድዳል። ከምድጃ የወጣ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ያቃጥላል፤ ጨዋታ አያውቅም። ዛሬም ጠባዩ ያው ነው።

ስለዚህ ዓንዶም አንድ ሕግ ነበረው። ማንኛውም ትሬለር ከመጫኑ በፊት ውስጡ ገብቶ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ወለሉን እስከ ጥጋጥጉ በመዳፉ ይዳብሳል። እርጥበት ካገኘ ሹፌሩ ቢለምን፣ አለቃው ቢጮህ፣ ደንበኛው አሥር ጊዜ ኮል ቢያደርግ ንቅንቅ የለም። ሠራተኞቹ "ዶክተር መጣ፣ ልብሳችሁን አውልቁ!" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን ይዳብሳል። በእሱ እጅ አንድ ሰው እንኳ ተቃጥሎ አያውቅም፤ በዚህ ደግሞ ኩራቱ ለጉድ ነበር።

በፈረንጆቹ 2010፣ ጃንዋሪ ላይ፣ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወርደው ሰንብቶ ሳለ የጭነት መኪና ሹፌሩ ጋሽ አብዱልመናን ወደ ሳን ሆዜ የሚሄድ ጭነት ሊወስዱ መጡ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው። ዓንዶም አገሩን ሳያውቅ የመጣ ጊዜ ኮንኮርድ ቤታቸው አራት ወር አስቀምጠውታል፤ ይህንንም ሥራ ያስገኙለት እሳቸው ናቸው።

"ወለሉ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ወልውዬዋለሁ" ብለውት ወረቀት ሊፈርሙ ወደ ቢሮ ገቡ።

ዓንዶም ጓንቱን ሊያወልቅ ጀመረና ቆም አለ። ሠራተኞቹ ያዩታል። አባት የሚሆኑት ሰው፣ ያውም ባለውለታው፣ ደረቅ ነው ካሉ በኋላ ገብቶ መዳበስ ምን የሚሉት ነገር ነው? ዋሽተዋል ማለት አይደል? ይሉኝታ ያዘው። ቅጹ ላይ "ተፈትሿል" የሚለው ጋ ምልክት አድርጎ ፈረመና "ጫኑ!" አለ። አይ ዓንዶም! የአለቃ ጩኸት ያልበገረው ሰው!

መንገድ ላይ፣ ፍሪሞንት ከተማ ጋ ሲደርሱ ጋሽ አብዱልመናን በመስታወቱ ጭስ አዩ። ዳር ይዘው ቆሙና የኋላውን በር ሲከፍቱ፣ ከሥር የረጠበው ከረጢት ፈንድቶ ትኩሱን ኖራ ፊታቸው ላይ በተነው። ሐኪሞቹ ቀኝ ዓይናቸውን አተረፉላቸው። ግራው ግን አልሆነም።

ዓንዶምን የጨረሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጋሽ አብዱልመናን ከኢንሹራንስ ለመጣውም ሰው፣ ለጠያቂውም ሁሉ ቃላቸው አንድ ነው፦ "ዓንዶም ከፈተሸ ወለሉ ደረቅ ነበር። በሩን አጥብቄ ሳልዘጋ ቀርቼ ዝናብ ገብቶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።" ሰውም ያምናል። ዓንዶም ሰምቶ ዝም አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። እንቅልፍ የለው፣ ምግብ የለው፤ ሰው "አንተማ ጠንቃቃ ነህ" ሲለው አንገቱን ይደፋል። ፈርቶ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት አለቃው ቢሮ ገብቶ እውነቱን ተናገረ። እዚያው ከሥራ አሰናበቱት። የሚቀረው የሳቸው ፊት ነበርና በቀጥታ ወደ ኮንኮርድ ነዳ።

በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ሌይላ ናት። "ሂ ዊል ቢ ሶ ሃፒ" አለችው፤ አባቴ ሲያይህ በጣም ደስ ይለዋል ማለቷ ነው። ያቺ ቃል ባትባል ይሻለው ነበር።

ጋሽ አብዱልመናን ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት ሊነሱ ተንቀሳቀሱ።

"አይነሱ ጋሼ" አለ ዓንዶም፣ እግራቸው ሥር ወድቆ። "አልፈተሽኩትም። እርስዎ ደረቅ ነው ካሉ በኋላ መዳበሱ ነውር መሰለኝ። እርስዎን አክብሬ ነው የተውኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

"ጥጉን እኔም አላየሁትም እኮ" አሉት። "ከላይ ከላይ ነው የወለወልኩት። አንተ እንደምትዳብሰው ስለማውቅ።"