ለማንሶፕ ጩኸት ማን ተቀመጠ

ጆሮ ማለት የኔ ጆሮ ነው። አሁን ሰባውን ካለፍኩ በኋላ እንኳ ሽኮኮ ፍሬ ስትፈለፍል የትኛው ዛፍ ላይ እንዳለች እነግራችኋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ የመንገድ ሰሌዳ ማንበብ አልችልም፤ የሶራክን ተራራ ግን በጀርባው በኩል ዓይኔን ጨፍኜ ወጥቼ እወርደዋለሁ። አንዴ እንዲያውም ጉም የዋጣቸውን ወታደሮች በሳል ድምፃቸው ብቻ ተከትዬ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ዛሬ የማነሳው የፕዮ ማንሶፕን ነገር ነው። ጆሮዬንም ያነሳሁት ወድጄ አይደለም፣ የዚያን ቀን የሰማሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ማንሶፕ እንደኔው የዱር ጂንሰንግ ቆፋሪ ነበር፤ በውድ የሚሸጥ የመድኃኒት ሥር ነው። አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። ድምፁ ግን ገደል ይሰነጥቅ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ድምፅ ለጌጥ አይደለም። ጂንሰንግ ያየ ሰው እጁን ሳያሳርፍበት ሦስት ጊዜ «ሺምብዋታ!» ብሎ ይጮሃል፤ አየሁት ማለቱ ነው። ይሄን የሰማ ቆፋሪ ሁሉ ያለበት ቦታ ዘጭ ብሎ ይቀመጣል። እሾህ ይሁን፣ ጭቃ ይሁን፣ የጉንዳን ቤት ይሁን፣ ዘጭ ነው። ያየው ሰው «ተነሱ» እስኪል ድረስ ንቅንቅ የለም፤ ያየውም የራሱ ነው። ሳይጮህ የነቀለ ተራራውን ከሚጠብቀው መንፈስ፣ ከተራራው ጌታ ሰረቀ ይባላል። ሳያይ የጮኸ ደግሞ ከሌባም ይብሳል፤ የተራራውን ጌታ ዋሽቶታላ።

በአንዱ የበረዶ ወራት ማንሶፕ ከገደል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። የቡድናችን መሪ ሽማግሌው ኦም ሃክጁ ነበሩ። «ተራራው የማይፈልገውን ይተፋል» አሉና ደጁን ሳይረግጡ ቀሩ። መሪ ያልጠየቀውን ማን ይጠይቃል? እኔ አንዴ ጎመን ይዤ ሄጃለሁ፤ ደህና የተቀመመ፣ ቃሪያ የበዛበት ጎመን ነበር፤ በዚህ መንደር ከኔ ሚስት የተሻለ ጎመን የሚቀምም የለም።

ያኔ ነው እንግዲህ ጎብኚው መጉረፍ የጀመረው። ቤተ መቅደሱን፣ ፏፏቴውን፣ በመኸር ደም የሚመስለውን ቅጠል ሊያይ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል። አንድ ድርጅት ደግሞ የአያቶቻችንን ሙያ እናሳያለን ብሎ ሸንተረሩ ላይ የእንጨት መድረክ ሠራ። ጠዋት ጠዋት የእርሻ ጂንሰንግ አምጥተው አፈር ውስጥ ይሸጉጣሉ። የጥንት የቃጫ ልብስ የለበሰ ሰው እያነፈነፈ መጥቶ ያየ መስሎ ይጮሃል፣ ጎብኚው ያጨበጭባል፣ ከዚያ እየነቀለ ቤቱ ይወስዳል። ቲኬቱ የሚቆረጠው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነበር፤ ጢምህ ለፎቶ ይመቻል ብለው። እምቢ አልኩ። ማንሶፕ እሺ አለ። አንካሳ ሆኖ ሌላ ምን ሥራ ይሰጡታል?

በጸደይ፣ ወደ ተራራ ከመውጣታችን በፊት፣ ከጥዱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ እያንዳንዳችን አንዳንድ ሳህን ሩዝ አስቀምጠን እንለምናለን። ማንሶፕም እያነከሰ ሳህኑን ይዞ መጣ። ሽማግሌው ተቀበሉት፣ ሩዙን ለቁራ ደፉት፣ ሳህኑን ድንጋዩ ላይ ገለበጡት።

«አባት፣ ምን አጠፋሁ?» አላቸው።

«አንተማ ምን ታጠፋለህ፣ አፍህ ነው እንጂ። ለቲኬት የሚጮህ አፍ ከኛ ጋር አይለምንም።»

«ዳሌዬ ተሰብሮ ምን ልብላ ታዲያ?»

«ጭብጨባ ብላ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ደግሞ ያስቃል፤ ሽማግሌው መናገር ያውቁበታል። ሳቁ ሲበርድ ጨመሩበት፦ እውነተኛ ጂንሰንግ አይተህ፣ በዚሁ አፍህ ጮኸህ፣ ከነዚህ ሰዎች አንድ እንኳ ከተቀመጠልህ፣ ያን ቀን ሳህንህን በገዛ እጄ አቃናዋለሁ አሉት። የቁራ ላባ የሚነጣ ይመስል።

ከዚያ ወዲያ ማንሶፕ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ነገሩ የሩዝ ሳህን አይደለም። እኛ አገር ቆፋሪ ሲሞት ሬሳውን የሚሸከመው ቡድኑ ነው፤ ከቡድን የወጣ ሰው እንደ ውሻ በጋሪ ይሄዳል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ጠጅ ቤት ባገኘኝ ቁጥር ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ ዶክቻን፣ ሳህኔ አሁንም እንደተደፋ ነው?» ይለኛል። «ወፍ አራበት» እለዋለሁ። ምን ልበለው? አርቶበታል።

የቅጠሉ ወቅት ደረሰ። እኛ ከሸንተረሩ ማዶ፣ ከጥልቁ ሸለቆ ወዲህ ተበታትነን እንፈልጋለን። በመኸር የጂንሰንግ ቅጠል ወርቅ የመሰለ ቢጫ ይሆናል፤ ለኔ ዓይነቱ ዓይን ከሩቅ ይጣራል። ማዶ መድረኩ ላይ የማንሶፕ ጎብኚዎች ተሰልፈዋል። እሱ ሽንቱ መጣና ከመድረኩ ወርዶ ከቋጥኙ ጀርባ፣ ወደኛ በሚያየው በኩል ሄደ። እኔ እንኳ እዚያ ተራራ ላይ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሸንቼ አላውቅም፣ ነውር ነው፤ ያባቴ አጎት ሽቅብ ሸንቶ ከንፈሩ የተጣመመ ጊዜ... ኋላ እነግራችኋለሁ። ብቻ ማንሶፕ ቀበቶውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ተንበረከከ። ግንባሩን አፈር አስነካ።

ጮኸ። ሦስቴ።

የቲኬቱን ጩኸት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል፣ እንደ ሻጭ። ይሄኛው መጨረሻው ላይ ተሰበረ። እኔ ዘጭ አልኩ፣ የጥድ ሥር ላይ። አጠገቤ የነበሩት ግን ቀና እንኳ አላሉም። «የቲኬት ዶሮ ጮኸ» አለ አንዱ። ሽማግሌው ከኔ በላይ ቆመው ነበር። ሊቀመጡ ጉልበታቸው ሸብረክ ሲል አይቻለሁ፤ በነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። ከዚያ ቀጥ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አሁን የመንደሩ ብልጥ ሁሉ ዝም ብሎ ማታ ተመልሶ አይቆፍረውም ነበር ወይ ይላል። ሳይጮህ ቢቆፍር ለሳህኑ ምን ይጠቅመዋል? እኛን ለማስቀመጥ ነበር የጮኸው። የጠራው ግን ሌሎቹን ነው። ጎብኚዎቹ ጩኸቱን እንደሰሙ ተግተልትለው ከቋጥኙ ጀርባ ደረሱ፤ ስትጮህ ኑ ተብለዋላ። ማንሶፕ እጁን ዘርግቶ አትንኩት፣ ይሄ እውነተኛ ነው ይላል። አስጎብኚዋ፣ ሶዳም የምትባል ሳቂታ ልጅ፣ እሱ ያለውን በሰው አገር ቋንቋ ትነግራቸዋለች። እነሱም አጨበጨቡ፤ ዛሬማ ትያትሩ አማረ ብለው። ማንሶፕ እያለቀሰ ጂንሰንጉ ላይ ተደፋ። ይሄኔ ፎቶው በዛ።

መልኳ የኛው፣ ቋንቋዋ የሩቅ የሆነች አንዲት ሴት ነበረች፤ አያቶቿ የተሰደዱበትን አገር ልታይ የመጣች። ክፋት የላትም። ሰግዳ እሱን በሁለት እጇ በትህትና ገለል አደረገችው፣ ግንዱን ጨበጠችና እንደ ሽንኩርት መዠረጠችው። እውነተኛ ጂንሰንግ በአጥንት መቆፈሪያ ቀኑን ሙሉ ነው የሚወጣው፤ አንድ ጭራ ሥር ከተቆረጠ ረከሰ። ግንዱ ተበጠሰ፣ አንገቱ፣ ቅጠሉ የሚበቅልበት የላይኛው ጉጥ፣ ተሰብሮ አፈር ውስጥ ቀረ፤ እሷ ገላውን በጣቷ ጭራ ይዛ ወጣች። በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ፣ ማንሶፕን አቅፋ ስማው ሄደች።

እኔ ይሄን ሁሉ ማዶ ቁጭ ብዬ አየሁ። ተነስቼ ሮጬ ደርሼ ቢሆንስ ትሉኝ ይሆናል። «ተነሱ» አላለማ! የተቀመጠ ሰው ካልተባለ አይነሳም። ቡድኑ ጥሎኝ ወረደ፤ ፀሐይዋም ወረደች፤ ቂጤ ደነዘዘ። ስንት ወጣት አይችለውም። ማንሶፕ የጂንሰንጉን አንገት ከአፈሩ አውጥቶ በእርጥብ ሣር ጠቅልሎ ሸለቆውን እያነከሰ ተሻገረና ከፊቴ ቆመ።

«ጋሼ፣ ተቀምጠህልኛል?»

«አልተነሳሁም» አልኩት።

«በል ተነስ» አለኝ። ፊቱን ባያችሁት፤ ሙሽራ ነው የሚመስል።

ሽማግሌው ቤት ስንደርስ እራት ላይ ነበሩ። ማንሶፕ ተንበርክኮ ሣሩን ፈታ። የጂንሰንግ አንገት በየዓመቱ ቅጠሉ ሲረግፍ አንድ ጠባሳ ያወጣል፤ የዚህኛው ጠባሳ እንደ ድሮ ሰንሰለት የተጠመዘዘ ነበር። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አስኬዱበት። በኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ አላየሁም፤ እሳቸውም አላዩም። ከሳቸው አያት ይበልጣል። 

«ማን ተቀመጠልህ?» አሉት።

«ጋሼ ዶክቻን።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ይሄ ጆሮ የሰማውን...»

«ዶክቻን የተቀመጠው ጉልበቱን ስለሚያመው ነው» አሉ። «በዶክቻን ወሬማ ነብር ስንቴ ሞቷል።»

እኔ ነብሩን በእውነት አይቻለሁ፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። ማንሶፕ ብቻ አልሳቀም። ሥሩን ይዩት አባት፣ እርስዎ ያውቁታል አላቸው።

 ሽማግሌው አንገቱን ከነአፈሩ ወደ አፋቸው ወረወሩና ያኝኩት ጀመር። ቀስ ብለው፣ ጭራ ሳያስቀሩ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩት። ዋጡ።

«ካሮት ነው» አሉ።

ምራታቸው ውኃ አቀረበችላቸው፣ በእጃቸው መለሷት። እውነተኛ ጂንሰንግ የበላ ሰው እስኪነጋ ውኃ አይቀምስም፤ ጉልበቱን ያጥበዋል። ማንሶፕ ያን ያልተጠጣ ውኃ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሳህኔን አቃኑልኝ ሳይል ባዶውን ሣር ጠቅልሎ ወጣ።

በማግስቱ መድረኩ ላይ ነበር። ሶዳም የትናንቱን ለቅሶ ጨምርበት፣ ሰዉ ወዶታል አለችው አሉ። ጨመረበት።

በጸደይ ቡድኑ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ ካልወጣሁ ምን ልሆን? ሳህኑ እዚያው ድንጋይ ላይ ተደፍቶ አፈር ይዞታል። ማንሶፕ ሌላ ሁለት መኸር ጮኸና ሞተ፤ በድርጅቱ ጋሪ ሄደ። ድምፁን ቀድተውት ስለነበር አሁን መድረኩ ላይ ድምፅ ማጉያ ነው የሚጮኸው፤ ዝናብ ሲሆን ያንቋርራል። ሽማግሌው ዘጠና ሊደፍኑ ነው። እንደ ፍየል ይወጣሉ፣ ጥርሳቸው አልወለቀም። የተራራው ጌታ የሚወዳቸው ሰው ናቸው ይላል አገሩ፤ ጎብኚም ሲመጣ አብሯቸው ፎቶ ይነሳል።