ተረኛ ያጣው ጽዋ

ቢቸና ላይ ጌሾ የሚሸጥ ሞልቷል። ጌሾውን ሸጦ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ከዚያ ደግሞ ገዢውን አቁሞ የሚቆጣ ግን ይርጋነሽ ብቻ ነበረች። «ይኸን የመሰለ ጌሾ ወስደሽ፣ ብቅልሽ ሳይደርስ ጠንስሰሽ እንዳታዋርጂኝ» ትላለች። ገዢዋ ትስቃለች። ይርጋነሽ አትስቅም፤ በጠላ ነገር ቀልድ የሚባል አታውቅም።

ባሏ በጧቱ ሞቶባት አንድ ልጅ ታቅፋ ቀርታለች። ሣህለ ማርያም ይባላል። ከልጇ ቀጥሎ በዚህ ዓለም የኔ የምትለው ማኅበሯን ነበር። በየወሩ በሃያ ሰባት የመድኃኔ ዓለምን ማኅበር ይጠጣሉ። ተረኛው ይደግሳል፣ ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፤ ሲያበቃ ጥቁሩ የሸክላ ጽዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ማኅበርተኛው እየዘመረ አጅቦት ወደሚቀጥለው ተረኛ ቤት ይሻገራል። ጽዋው አንድ ነው። የገባበት ቤት ወር ሙሉ እንደ እንግዳ ይሰነብትና ያልፋል፤ ከአንድ ሰው ቤት ሁለት ወር ተቀምጦ አያውቅም። የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ይሉታል። ሙሴው የኔታ አካለ ወልድ ናቸው፤ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሰውን በድምፁ መለየት የጀመሩ ሽማግሌ።

ደርግ መጥቶም ማኅበሩ አልቀረም። ቀበሌው ድግስ ከልክሏል፤ ስብሰባውንም ሆነ ብሎ በበዓል ቀን ይጠራል። የተቋረጠው መዝሙሩ ብቻ ነው። ጽዋው በነጠላ ሥር ተደብቆ፣ በዝምታ ይሻገር ጀመር። በየወሩ ቤት ስለሚለውጥ ዛሬ ከማን ጓዳ እንዳለ ከማኅበርተኛው በቀር የሚያውቅ የለም። ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ በየአቅጣጫው ይገባሉ፤ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ሲዞር ይውልና ባዶ እጁን ይመለሳል። በሌላው ነገር የማትስቀው ይርጋነሽ በዚህ በዚህ ትስቅ ነበር።

ሣህለ ማርያም ጎረምሳ ሲሆን ሥራ ልማር ብሎ ሞጣ ሄደ። ከሊፋ የሚባል ነጋዴ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረው፤ የስፌት መኪናውን አስተማረው፣ ከልጆቹ ሳይለይ ከግቢው አስቀመጠው። በጾም ቀን የከሊፋ ሚስት ራዲያ ለብቻው ሽሮ ትሠራለት ነበር። ይርጋነሽ ይኸን ስትሰማ ለራዲያ የሚሆን አንድ ቅል ማር ላከች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ሳይተያዩ ወዳጅ ሆኑ።

አንድ የገበያ ቀን ልጁ አዝራር ሊገዛ እንደወጣ አልተመለሰም። አፈሳ ነበር። በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ሰው አምጣ የተባለ ሁሉ የራሱን ሰፈር ልጅ እየደበቀ የሰው አገር ልጅ ያፍስ ነበር። ከሊፋ ሲሮጥ ቢደርስ ልጆቹን የጫነው መኪና ሄዷል። በማግስቱ ቢቸና ድረስ መጣ፤ ከደጅ ቆሞ፣ «እትዬ፣ አደራሽን በላሁ» አለና አለቀሰ።

ከማሠልጠኛው አንድ ጊዜ ደኅና ነው የሚል ወሬ ደረሳት። ቀጥሎ ሰሜን ዘመቱ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ዝም።

ይርጋነሽ ጾመች፣ ሰገደች። ቅዳሴ አታስታጉልም፣ ጠበል አትቀርም። እንዲያ ሆና ወራት ሲያልፉ አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ስትጸልይ የሚሰማት ያለ አይመስላትም። ማልቀሱም አልመጣ አላት። ይኸን ለነፍስ አባቷ እንኳ ደፍራ አልተናገረችም።

በግንቦት ተራው ደረሳትና ጽዋውን ተቀበለች። ከራስጌዋ መደብ ላይ አኑራው ወር ሙሉ ስትነዘንዘው ከረመች። በሰኔ ሃያ ሰባት ደገሰች። ጠላዋ እንደ ወትሮው ነው፤ ሰው ጠጥቶ አመሰገነ። መጨረሻ ላይ የኔታ ተነሡና እንደ ደንቡ፣ «ጽዋው ይሻገር፤ ተረኛ ተቀበል» አሉ። ተረኛዋ ወለተ ገብርኤል ነበረች፤ የይርጋነሽ የልጅነት ጓደኛ፣ ደረቷን የሚያማት ከሲታ ሴት። ነጠላዋን አጣፍታ እጇን ዘረጋች።

ይርጋነሽ ጽዋውን አቀፈችው።

«አልሰጥም» አለች።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ የኔታ።

«መድኃኔ ዓለም ልጄን እስኪመልስልኝ አልሰጥም፣ የኔታ። እሱ ልጄን ይዞብኛል፤ እኔም ጽዋውን እይዝበታለሁ። ሣህሉ በዚህ በር የገባ ቀን ይሻገራል። እስከዚያው በየወሩ እኔው እደግሳለሁ፤ ማንንም አላስቸግርም።»

ደንብ ፈረሰ ብሎ የሚቀማት አልተገኘም። እናት ናት፤ ማን ይጨክናል? የኔታም ብዙ አስበው ሲያበቁ፣ «ስለት ነው፤ ተዉአት» አሉ። የዚያ ማኅበር ስሕተት ይኸ ነው። ከክፋት ቢመጣ ያውቁት ነበር፤ የመጣው ከርኅራኄ ነውና ማንም አላስተዋለውም። ወለተ ገብርኤል የዘረጋችውን እጅ ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ወሬው ከተማውን ዞረ። እምነት ማለት እንደ ይርጋነሽ ነው ተባለ። ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኟት ጎንበስ ብለው ሰላም ይሏታል። እርሷ ግን የሚያወሩላት እምነት በውስጧ እንደሌለ ታውቃለች። ያላት ቁጣ ነው። ፈጣሪዋን እንደ ነገረኛ ጎረቤት አጥር ለአጥር ተያይዛዋለች።

ሐምሌ ደገሰች፤ ነሐሴም ደገሰች። ዓመቱ ሲለወጥ እህል ከገበያ ጠፋ፤ ገበሬው ያመረተውን ለመንግሥት ኮታ አስረክቦ ለራሱም አልተረፈው። የይርጋነሽ ጠላ እየቀጠነ፣ ዳቦዋ እያነሰ ሄደ። የአንገት መስቀሏን ሸጠች፤ ለበዓል የምትለብሰውን ጥበብ ቀሚስም ሸጠች። ያን ጊዜ ማኅበርተኛው ጭንቅ ያዘው። የድሃ ሴት ጠላ በየወሩ እየጠጡ፣ ተራ ደርሶ መልሶ አለማጠጣት አንገት ያስደፋል። አንዱ አመመኝ ብሎ ቀረ፤ ሌላው መንገድ ወጣሁ አለ።

የባሰው ሌላ ነው። ጽዋው መዞሩን ሲተው ጥበቃውም መዞሩን ተወ። ሃያ ሰባት በመጣ ቁጥር ከይርጋነሽ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ያያል። የገባው ሰው በማግስቱ ቀበሌ ይጠራል፤ ከቀበሌ ሱቅ ስኳሩም ጨውም ይቀርበታል፤ ወንድ ልጅ ያለው ደግሞ የሚቀጥለው አፈሳ የማንን በር እንደሚያንኳኳ በሰበብ አስባቡ ይነገረዋል። ልጅ ያላቸው ሁሉ ቀሩ። ይርጋነሽ እንኳ አልፈረደችባቸውም፤ ልጅ ማጣት ምን እንደሆነ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከጥምቀት በኋላ ወለተ ገብርኤል ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች።

«ይርጌ፣ እኔ እንግዲህ ሰንባች አይደለሁም። ይኸ ሳል ይዞኝ ሊሄድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጽዋው ቤቴ ይደር፤ ደግሼ ልሙት። ብቅሉ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ተራዬ ነበር እኮ።»

«ሣህሉ ይምጣና ጽዋው መጀመሪያ አንቺ ቤት ነው የሚገባው» አለች ይርጋነሽ።

«ሳይመጣስ ቢቀር?»

ይኸን ማንም ደፍሮ ጠይቋት አያውቅም ነበር። ይርጋነሽ ተነሥታ የማይነድ እሳት ቆሰቆሰች። ብትሰጥ፣ ልጄ ሞቷል ብላ በአፏ መናገሯ ነው፤ እርሷ የታያት ይኸ ነው። ወለተ ገብርኤል በሩን ይዛ አረፍ እያለች ወጣች። ሁዳዴ ሳይገባ ሞተች። ቀብሯ ላይ ከዘመዶቿ ይልቅ ይርጋነሽ አለቀሰች፤ ሰዉ ጓደኛዋ ስለሆነች መሰለው።

በመስከረም ከሊፋ ከሞጣ መጣ። ጥምጣሙን ይዞ ከደጅ ሲቆም ስታየው ወሬውን ሳይነግራት አወቀችው። አንድ እግሩን ያጣ ወታደር የሱሪውን አንድ እግር ሊያሳጥር ከሱቁ ገብቶ ነበር። ሲጨዋወቱ ከሣህለ ማርያም ጋር አንድ ላይ እንደዘመቱ ተናገረ፤ የቀበረውም እርሱ ነው።

«መቼ?» አለች ይርጋነሽ።

ከሊፋ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ቆይቷል፣ እትዬ። ካቻምና በመጋቢት ነው አለ። ገና ሰሜን እንደደረሱ» አላት።

ጽዋውን የያዘችው በሰኔ ነበር። ስትይዘው ልጁ ከተቀበረ ከርሟል። ያ ሁሉ ድግስ፣ ያ ሁሉ ሙግት፣ የማኅበሩ መበተን፣ ያቺ የተዘረጋች እጅ ባዶዋን መመለሷ፣ ሁሉም ለሞተ ልጅ ነበር። ይርጋነሽ አልጮኸችም። ከመደቡ ላይ ቁጭ አለችና ጽዋውን ስታየው ዋለች። ከሊፋ ከሰፈሩ ሰው ጋር ለቅሶ ተቀምጦ፣ ሣልስቱ ሲወጣ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ኅዳር ሲመጣ የመጨረሻውን ጌሾዋን ወቅጣ ጠላ ጠመቀች። የምትለምነው ነገር ሳይኖራት ስትደግስ ይኸ የመጀመሪያዋ ነው። ማኅበርተኛውን ቤት ለቤት እየዞረች፣ «በሃያ ሰባት ጽዋውን ላሻግር ነው፤ ኑልኝ» አለች። ሁሉም እሺ አሏት። የመጡት የኔታ ብቻ ናቸው። ተማሪዎቻቸው አፈሳ ፈርተው ተበትነዋል፤ ዓይናቸውም ጨርሶ ጠፍቷል። በዘንጋቸው መሬቱን እየነካኩ መጡ። ጥበቃው ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነው ብሎ ንቆ አሳለፋቸው።

«ማን ማን አለ?» አሉ እንደተቀመጡ።

«እኔና እርስዎ ነን፣ የኔታ።»

«ይበቃል» አሉ። ድምፃቸው ግን እንዳልበቃ ያሳብቃል።

ጸሎቱን አደረሱ። ይርጋነሽ ልቧ ይሞቅ እንደሆነ ጠበቀች፤ አልሞቀም። እንዲያም ሆኖ ራሷን ዝቅ አድርጋ አሜን አለች፤ ለምን እንዳለችው እርሷም አታውቅም። ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ «የኔታ፣ ወለተ ገብርኤል ይቅር ትለኛለች?» ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ዳሰሱ። «ስለት ነው ተዉአት ያልኩ እኔ ነኝ። ሙሴ ተብዬ ደንቡን ማስከበር አቃተኝ። እኔን ይቅር ካለች አንቺንም ትላለች። ከርሷ ቀጥሎ ተረኛው ማን ነበር?»

«ፋንታ።»

«በይ፣ ምሪኝ።»

ጥበቃው ለምሳ ሲሄድ ጠብቀው ወጡ። ይርጋነሽ በአንድ እጇ ጽዋውን ነጠላዋ ሥር ይዛ፣ በአንድ እጇ የኔታን እየመራች ሄደች። ፋንታ ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው ደክሟቸው ከአጥሩ ተደግፈው ቀሩ፤ እርሷ ገብታ በሩን መታች። ፋንታ ከፈተ። ጽዋውን ስታወጣ ሲያይ ግራ ቀኙን ቃኘ።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ በመድኃኔ ዓለም ይዤሻለሁ፣ መልሺው» አለ በሹክሹክታ። «ሁለት ወንድ ልጅ አለኝ።»

«አንድ ወር ብቻ፣ ፋንታ። የኔታ ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል።»

«ሁላችንም ሳንፈራ ልንቀበል የምንችልበት ጊዜ ነበር» አለ። ሊያቆስላት ብሎ አይደለም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጎንበስ ብሎ ጽዋውን ተሳለመው፤ ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ።

ይርጋነሽ የተዘጋውን በር እያየች ቆመች። ሌላ የምታንኳኳው በር አልነበራትም። ወደ አጥሩ ስትመለስ የኔታ በኮቴዋ አውቀዋት ቀና አሉ።

«ተቀበለ?»

ጽዋውን ወደ ነጠላዋ መልሳ ከጎኗ አጣበቀችው።

«ተቀበለ፣ የኔታ።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ተመስገን» አሉ፤ ደግመውም፣ «ተመስገን ጌታዬ። ማኅበሩ በእጄ ላይ አልሞተም። እንግዲህ በሚመጣው ወር እዚህ ነን ማለት ነው።»

«እዚህ ነን።»

«አንቺም ሸክምሽን አወረድሽ፣ ልጄ።»

እጃቸውን ያዘችና ወደ ጎጇቸው ትመራቸው ጀመር። ጥቂት እንደሄዱ የኔታ በቀስታ መዝሙር አነሡ፤ ድሮ ጽዋ ሲታጀብ የሚዘመረውን ነው። ይርጋነሽም ተቀበለቻቸው። ጽዋው እንዳይነካቸው በወዲያኛው ጎኗ ይዛው ነበር።