ኢጂአሩን ደፍኖ ቦሎ ፍለጋ

ዛሬ ልደታ፣ የቦሎ ምርመራ ላይ መኪና ስፈትሽ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የጌጃ ሰፈሩ መካኒክ!

ያኔ ሙያ ልማር ጋራዡ ብሄድ፣ ሠራተኞቹ ፊት «ሂጂ፣ ወንድ ስትሆኚ ተመለሺ» ብሎ ያሳቀብኝ ሰውዬ። ዛሬ አላወቀኝም።

ቁልፉን ሲያዞር የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም። ለካ በጥቁር ናስትሮ ሸፍኖታል! ኮፈኑን አስከፈትኩት። ብክለት እንዲቀንስ ጭሱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ኢጂአር በላሜራ ደፍኖታል።

«ለእሽቅድድም ብዬ ነው ልጄ፣ በእናትሽ አሳልፊኝ» አለ።

(ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር እስከ ልደታ ከሚኒባስ ጋር ነው መሰለኝ የሚሽቀዳደመው።)

«አላለፈም» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠሁት፦ «ይሂዱ ጋሼ። ሴት ሲሆኑ ይመለሱ።»

እናንተስ፣ የናቃችሁ ሰው ተሰልፎ እጃችሁ ላይ የወደቀበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ እኔ ገና አልጠገብኩም።