«ባኢ» ያልኩት እኔ ነኝ

ይቺን ነገር ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ በጾም ቀን ሥጋ መቅመሴን ሳይቀር ስዘረግፍ፣ ይቺን ግን ዋጥኳት። ለእናንተ አፌ የተፈታው ስለማታውቁኝ ይሆናል።

በወጣትነቴ ሰበታ ውስጥ ለአንድ የሰፈር ቡድን እጫወት ነበር፤ መሀል ተከላካይና አምበል። አሰልጣኛችን ኦቦ ገመቹ አቅማችንን ያውቃሉ። «ኳሱን እነሱ ይጫወቱበት፤ እናንተ ቦታችሁን ያዙ» ይሉናል። አምስት ሰው ከኋላ፣ አራት ከፊቱ፣ አንድ አጥቂ ለብቻው ከላይ። ተጠቅጥቀን እንከላከላለን። ኳሱን ነጠቅን ማለት ደግሞ የቀኝ ተመላላሹ ታምራት በመስመሩ ተፈተለከ ማለት ነው። መልሶ ማጥቃት ለእኛ ታምራት ነበር።

መቼ እንደሚወጣ የምነግረው እኔ ነኝ፤ ከኋላ ሆኜ ሜዳው ሁሉ ይታየኛላ። ኦቦ ገመቹ የሚያሰለጥኑትም የሚቆጡትም በኦሮምኛ ስለሆነ ቃሎቻችንም እንደዚያው ሆኑ። «ታኢ» ካልኩ ቁጭ በል፣ ቦታህን ጠብቅ ነው። «ባኢ» ካልኩ ውጣ። ታምራት ከወላይታ መጥቶ ክር ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር። ሁለቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ታኢ፣ ባኢ፣ ታኢ፣ ባኢ» እያለ፣ እየሳቀ፣ እስከ ቤቱ ድረስ ይለማመዳቸው ነበር። ወንድሜ ነበር የሚለኝ።

ከሱሉልታ ቡድን ጋር የተጫወትን ዕለት ከአዲስ አበባ አንድ መልማይ መጣ። አንድ ተከላካይ ይፈልጋል ተባለ። ሰውየው ዓይኑን ከታምራት ላይ አልነቅል አለ። እኔስ? አምበሉ እኔ፣ የአገሩ ልጅ እኔ፣ ለምንድነው የማያየኝ? ወይ ቅናት! አንጀቴን አሳረረው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዜሮ ለዜሮ ነን። ኳሱ ገና በነሱ እግር ነበር። አይቻለሁ። «ባኢ!» አልኩት። አምልጦኝ ነው? አይደለም። ተሳስቼ ነው? እሱም አይደለም። አውቄ ነው። ታምራት አምኖኝ ወጣ። ጥሎት በሄደው ቦታ ኳሱን ሰደዱት፤ ገባብን።

ጨዋታው ሲያልቅ ኦቦ ገመቹ «ማነው ውጣ ያለህ?» ብለው ጮኹበት። ታምራት ወደ እኔ ዞረ።

«ታኢ ነው ያልኩት» አልኩ፣ ዓይኑን እያየሁ።

ምናለ በሰደበኝ! ምናለ በጥፊ ባለኝ! እሱ ግን ጆሮውን ይዞ «የፋብሪካው ማሽን ነው፣ ጆሮዬን በልቶታል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» እያለ ሁሉንም አንድ በአንድ ለመነ። እኔንም። እኔንም ለመነኝ እኮ! መልማዩ ማንንም ሳይወስድ ሄደ። ታምራትም «የማይሰማ ተከላካይ ምን ይረባል» ብሎ ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልመጣም።

በቀደም ከቡራዩ ሚኒባስ ስሳፈር ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው አቅፎ ሳመኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ታምራት ነው። እዚያው ቡራዩ የብረት በር የሚበየድበት ቤት ይሠራል። ምንም ነገር ስነግረው «ምን አልክ?» ይለኛል፤ ሁለቴ ካልሰማ አያምንም። ሐኪም ግን «ጆሮህ ደህና ነው» ብሎት እንደነበር ነገረኝ።

«አንተ ታኢ ስትል ባኢ የሰማሁ ሰውዬ፣ እንዴት ብዬ ጆሮዬን ልመን?» አለኝ እየሳቀ። ሳቁን ተወና ደግሞ፣ «እስካሁን ይቆጨኛል ወንድሜ። ጉድ ሠራኋችሁ፤ ይቅር በለኝ» አለ።

ንገረው፣ አሁን ንገረው አልኩ ለራሴ። መውረጃዬ ሩቅ ነበር፤ ግን «ወራጅ አለ» አልኩ። ድምፄ ሹክሹክታ ሆነ። ረዳቱ አልሰማኝም። ሾፌሩም አልሰማኝም።

ታምራት ሰማኝ። «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸልኝ።

ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ጆሮው ደህና ነው። ያኔም ደህና ነበር። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ምን አድርጌያችሁ? ይቅርታ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ፣ በበደልኩት ሰው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።